ማባዛት ሁልጊዜ አያበዛም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ስለ ተማሪዎች የሒሳብ ውጤት በጋዜጣችሁ የሚወጡትን አስተያየቶች በትኩረት አነባለሁ። አብዛኞቹ ስለ መጽሐፍ እጥረት፣ ስለ ክፍል መጣበብና ስለ ፈተና አወጣጥ የሚያነሱ ሲሆን ሁሉም ሊነገሩ የሚገባቸው ናቸው። እኔ ግን ለ22 ዓመታት የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ያስተዋልኩትን፣ ከእነዚህ ሁሉ አንጻር ትንሽ የሚመስለውን፣ ነገር ግን ብዙ ልጆች ከሒሳብ ጋር የሚኳረፉበትን አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። እርሱም፣ አንድ ሙሉ ቁጥር በክፍልፋይ ሲባዛ ውጤቱ ከሙሉ ቁጥሩ ይበልጥ፣ ያንስ ወይም እኩል ይሆን እንደሆነ ልጆቻችን ሳያሰሉ መፍረድ የማይችሉ መሆናቸው ነው።

ባለፈው ኅዳር ወር በሰሌዳው ላይ 48 × 5/6 ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑ ባዶ ሳጥን ሣልኩ፤ ከሳጥኑ ማዶ ደግሞ 48ን አስቀመጥኩና፣ ምንም ሳያሰሉ በሳጥኑ ውስጥ የሚገባውን ምልክት እንዲነግሩኝ ተማሪዎቼን ጠየቅኩ። «ይበልጣል» ለሚለው ከክፍሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እጁን አወጣ። «ያንሳል» ያሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ምክንያታቸውን ስጠይቃቸውም አንገታቸውን ደፉ። መልሱ ያንሳል እንደሆነ ስናገር ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ «ቲቸር፣ ካባዛነው እንዴት ብሎ ያንሳል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ለረጅም ጊዜ ከጆሮዬ አልጠፋም፤ ምክንያቱም በአማርኛ ለተፈታ አፍ ፍጹም ትክክል የሆነ ጥያቄ ነው። ማባዛት የሚለው ቃል «በዛ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ጽሑፍ ሲባዛ አንዱ ቅጂ መቶ ይሆናል፤ ዘር ሲባዛ አንዱ ጆንያ ማሳ ይሸፍናል፤ የቤት ከብት ሲባዛ በረቱ ይጠብባል። ልጅቷ ከቤቷ ይዛው በመጣችው ቋንቋ የተባዛ ነገር አንሶ አያውቅም። ትምህርት ቤት ከገባች በኋላም ይኸው እምነቷ ጸና እንጂ አልተነካም፤ ከ2ኛ ክፍል ጀምሮ እስከ 4ኛ ክፍል ድረስ ካባዛቻቸው ቁጥሮች ውስጥ፣ 0ን እና 1ን ትተን፣ ውጤቱ ከተባዢው ያልበለጠበትን አንድም አላየችም። በዚህ ላይ እኛ መምህራን «ስታባዙ ያድጋል፣ ስታካፍሉ ያንሳል» እያልን እናስጠናቸዋለን። እኔም ብዬዋለሁ፤ ለብዙ ዓመታት ብዬዋለሁ፤ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚመች ምርኩዝ መስሎኝ ነበር። በ5ኛ ክፍል ምርኩዙ ሲሰበር ግን የሚወድቀው ልጁ ነው።

የዚያችን ልጅ ነገር ግን በዚህ ብቻ ልተወው አልችልም። እናቷ ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ፤ ልጅቷም ከሰዓት በኋላ ሚዛኑን የምትይዘው እርሷ ነች። በእረፍት ሰዓት ጠራኋትና፣ «የሽንኩርት ኪሎ 80 ብር ቢሆን ሩብ ኪሎ ስንት ይሆናል?» አልኳት። «20» አለች። ሦስት ሩብስ? «60»። ኪሎ ከሩብስ? «100»። ጥያቄውን ሳልጨርስ ነበር የምትመልሰው። ቀጥዬም ሦስት ሩብ የወሰደ ሰው ከ80 ብር በላይ ሊከፍል ይችል እንደሆነ ስጠይቃት፣ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቁ ራሱ አስገርሟት ፈገግ አለች። ከዚያ ጠመኔ አንሥቼ 80 × 1/4፣ 80 × 3/4፣ 80 × 5/4 ብዬ ጻፍኩላትና እስካሁን የመለሰችልኝ እነዚህን እንደሆነ ነገርኳት። ሰሌዳውን ቆማ ስታይ ቆየችና፣ «ይኼ ማባዛት ነው እንዴ?» አለችኝ።

አዘጋጆች ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህ ጥያቄዋ ነው። ልጅቷ የክፍልፋይን ብዜት ከሙሉ ቁጥር ጋር ማነጻጸር ታውቃለች፤ ሚዛን ይዛ በየቀኑ ታደርገዋለች። ያላወቀችው፣ በደብተሯ ላይ ያለው ምልክትና በሚዛኗ ላይ ያለው ሽንኩርት አንድ መሆናቸውን ነው፤ ይህንንም የነገራት ሰው አልነበረም።

ቋንቋችን ለዚህ ትምህርት የሚመች ሆኖ ሳለ አልተጠቀምንበትም። ክፍልፋይ በሙሉ ቁጥር ላይ የሚሠራውን ሥራ አማርኛ በአንዲት ፊደል ይገልጸዋል፤ «የ» በምትለው። «የ48 አምስት ስድስተኛ» ብለን ስንጠራው ከ48 ውስጥ ተቆርሶ የሚወሰድ ነገር እንጂ 48ን የሚያበዛ ነገር ለማንም ልጅ አይታየውም። ስለዚህ በክፍሌ ውስጥ 48 × 5/6ን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «48 ሲባዛ በአምስት ስድስተኛ» ብዬ ማንበብ ትቼ «የ48 አምስት ስድስተኛ» እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ። እንደዚሁም «ኪሎ ከሩብ» ወይም «ኪሎ ተኩል» ያለ ሰው ከአንድ ማለፉን አስቀድሞ ተናግሯል፤ ሰዓት ሲነግረን «ለስድስት ሩብ ጉዳይ» ያለም ስድስት አለመሙላቱን ተናግሯል። የዕለት ንግግራችን ቁጥሩን ከሙሉው ጋር አነጻጽሮ ነው የሚጠራው። የደብተሩ 5/4 እና 3/4 ግን ይህን ድምፅ አያሰሙም፤ ልጁ ላዕሉንና ታህቱን፣ ማለትም የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር፣ አይቶ ራሱ ሊያሰማቸው ይገባል።

አሁን ለልጆቹ የማሳየው እንዲህ ነው። 48 ባቄላ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥና ለ6 እኩል ክምር እንከፍለዋለን፤ አንዱ ክምር 8 ይሆናል። ታህቱ 6 መሆኑ የሚነግረን ይህንኑ አከፋፈል ነው። ላዕሉ 5 ነውና ከስድስቱ ክምሮች አምስቱን እናነሣለን፤ አንድ ክምር ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። አንድ የቀረ ክምር እያለ ያነሣነው 48 ሊሆን እንደማይችል፣ ከ48 ሊበልጥማ ጨርሶ እንደማይችል፣ ለማወቅ 40 መሆኑን መቁጠር አያስፈልግም። 6/6 ቢባል ሁሉንም እናነሣለን፤ 48 ነው። 7/6 ቢባል ደግሞ ስድስቱን አንሥተን ያንኑ የሚያህል አንድ ክምር ከሌላ መጨመር ግድ ይሆንብናል፤ ስለዚህ ከ48 ይበልጣል፤ ቢቆጠርም 56 ነው። እዚህ ላይ የሥራ ባልደረቦቼን የምለምነው፣ ይህን ሁሉ ዘልለው «ላዕል ካነሰ ያንሳል፣ ከበለጠ ይበልጣል» የሚል መፈክር በሰሌዳ ላይ እንዳይጽፉ ነው። ባቄላውን ሳያይ መፈክሩን የያዘ ልጅ «ማባዛት ያበዛል» የሚለውን በሌላ ሽምደዳ ተካ እንጂ ምንም አልተማረም፤ ሁለት ክፍልፋዮች አጠገብ ለአጠገብ ሲመጡበትም ይጠፋበታል።

አንዳንድ መምህራን ልጁ አስልቶ ከደረሰበት በኋላ ማነጻጸሩ በራሱ ይመጣል፣ አስቀድሞ መፍረድ ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። ይህን የሚሉትን ሰዎች የተማሪዎቻቸውን ደብተር ገልጠው እንዲያዩ እጋብዛቸዋለሁ። በእኔ ክፍል 48 × 5/6ን ሲያሰሉ ሙሉ ቁጥሩን ከላዕሉም ከታህቱም ጋር አባዝተው 240/288 ብለው የሚጽፉ ልጆች በየዓመቱ አሉ። ይህ ቁጥር ሲቃለል ያው 5/6 ነው፤ ልጁ ብዙ ደክሞ ተመልሶ የተነሣበት ቦታ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ሌሎቹ ክፍልፋዩን ይገለብጡትና 57 3/5 ይላሉ። «የ48 አምስት ስድስተኛ ከ48 ትንሽ ዝቅ ይላል» ብሎ አስቀድሞ በደብተሩ ጠርዝ ላይ የጻፈ ልጅ ከእነዚህ ከሁለቱም መልሶች ጋር ሲገናኝ ይደነግጣል፤ ተመልሶም ይፈልጋል። ያልጻፈው ግን መልሱ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሮበት ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

ስሕተቱም ከደብተር አልፎ ይሄዳል። ባለፈው ክረምት ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ የሚኖሩ አንድ አርሶ አደር የ6ኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን ልጃቸውን ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ። ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ እንዲጨምሩ ተነግሯቸዋል፤ መሬታቸው ግን 3 ጥማድ ነው፤ አራት ጥማድ እንደ አንድ ሄክታር በሚቆጠርበት አካባቢያችን 3/4 ሄክታር ማለት ነው። ልጁ ማባዛቱን ትቶ 100ን ለ3/4 አካፍሎ 133 ኪሎ ከሲሶ የሚል መልስ በወረቀት ጽፎ ለአባቱ ሰጥቷቸዋል። አባትየው ፊደል አልቆጠሩም። ወረቀቱን ዘርግተውልኝ፣ «መምህር፣ መሬቴ ከሄክታር አንሶ ሳለ ማዳበሪያው እንዴት ከኩንታል ይበልጣል? ልጁ ግን ሒሳቡ ይኸው ነው ብሎ ድርቅ አለብኝ» አሉኝ። ስሌቱን አላወቁትም፤ ፍርዱን ግን ከእኔም ከልጃቸውም ቀድመው ሰጥተውታል። 75 ኪሎ መሆኑን ለልጁ ሳሳየው ያፈረው ማካፈሉን ከማባዛት ባለመለየቱ ሳይሆን አባቱን ስላላመነ ነበር። በማዳበሪያ ዋጋ በዚህ ዘመን 58 ኪሎ ከሲሶ አጉል መግዛት ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

ያ አርሶ አደር አያቴን አስታወሱኝ። አያቴ ወጣትነታቸውን በአርሲ በጭሰኝነት ያሳለፉ፣ የመሬት አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. እስከታወጀበት ጊዜ ድረስም የሰው መሬት ያረሱ ነበሩ። የዚያ ዘመን ጭሰኛ የሚኖረው በክፍልፋይ ነበር፤ እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ (ሩብ) የሚሉት ቃላት ለእርሱ የደብተር ነገር አልነበሩም። አያቴ ልጅ ሳለሁ እንዲህ ብለው ይጠይቁኝ ነበር፦ አንዱ መሬት 12 ዳውላ ያገባል፣ ባለመሬቱ እርቦ ይወስዳል፤ ሌላው መሬት 9 ዳውላ ያገባል፣ ባለመሬቱ ሲሶ ይወስዳል፤ የትኛው ባለመሬት በለጠ? እኔ ሲሶ ከእርቦ ስለሚበልጥ ሁለተኛው እላለሁ። እርሳቸው ደግሞ በጣታቸው እየቆጠሩ የ12 እርቦ 3፣ የ9 ሲሶም 3 መሆኑን ያሳዩኝና ዋናውን ጥያቄ ያመጣሉ፦ «ለአራሹስ የትኛው ይሻላል?» ለአራሹ ከመጀመሪያው 9 ዳውላ ሲተርፈው ከሁለተኛው የሚተርፈው 6 ብቻ ነው። ባለመሬቶቹ እኩል ወሰዱ፤ ጭሰኞቹ ግን እኩል አልተረፋቸውም። ክፍልፋዩን ብቻ ወይም ሙሉ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መፍረድ እንደማይቻል የተማርኩት ከመምህራን ማሠልጠኛ ሳይሆን ከእኚህ ሰው ነው።

በመማሪያ ክፍልም ማነጻጸሩ ከዚህ ደረጃ መድረስ አለበት ብዬ አምናለሁ። ሙሉ ቁጥሩ አንድ ሲሆን፣ ለምሳሌ 24 × 7/8 እና 24 × 3/4 ሲቀርቡ፣ ክፍልፋዮቹን ብቻ ማየት ይበቃል፤ ክፍልፋዩ አንድ ሲሆን፣ 30 × 2/3 እና 45 × 2/3 ሲቀርቡ፣ ሙሉ ቁጥሮቹን ብቻ ማየት ይበቃል። ሁለቱም ሲለያዩ ግን ዓይን ያታልላል። 40 × 3/4 እና 36 × 5/6ን ሳቀርብላቸው፣ ግማሹ ተማሪ 40 ይበልጣል ብሎ ወደ አንዱ፣ ግማሹ 5/6 ይበልጣል ብሎ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሁለቱም 30 ናቸው። ማስላት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ልጁ መቼ ሳያሰላ መፍረድ እንደሚችልና መቼ እርሳስ ማንሣት እንዳለበት ከለየ ማባዛትን አውቆታል እላለሁ።

አዋቂዎችም ብንሆን ከዚህ ነጻ አይደለንም። 1,600 ብር የነበረ ጫማ ዋጋው በሩብ ጨምሮ ቆይቶ በሩብ ቢቀንስ ብዙ ሰው ወደ ቦታው ተመለሰ ይላል። ግን 1,600 × 5/4 = 2,000 ነው፤ 2,000 × 3/4 ደግሞ 1,500። 5/4 እና 3/4 ከአንድ እኩል ቢርቁም ሲባዙ 15/16 ይሆናሉ፤ ከአንድ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም የተጨመረው የ1,600 ሩብ፣ የተቀነሰው ግን የ2,000 ሩብ ነው። የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተደምሮበት 1,150 ብር የሆነን ዕቃ ያለ ታክስ ዋጋውን ለማወቅ 15 በመቶ የሚቀንሱ የሱቅ ሠራተኞችን አይቻለሁ፤ 977 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኙና 1,000 ብር አለመሆኑ ግራ ያጋባቸዋል።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘመን ሲቆጥሩ የኖሩትም በዚሁ ዕውቀት ነው፤ ይህንንም ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሳስተምር ክፍሉ ጸጥ ይላል። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ፣ አንድ ኬክሮስም 60 ካልዒት ነው። ዓመቱ 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ይሆናል። 15 ኬክሮስ የዕለት ሩብ ነው፤ በ1 ቢባዛ፣ በ2 ቢባዛ፣ በ3 ቢባዛ ከአንድ ዕለት ያንሳልና ጳጉሜን ከ5 አያልፍም፤ በ4 ሲባዛ ልክ አንድ ዕለት ይሞላና በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ በ2015 ዓ.ም. እንዳየነው፣ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። 6ቱ ካልዒት ደግሞ የዕለት 1/600 ናቸው። ይህ በ4 ቢባዛ፣ በ100 ቢባዛ አሁንም ከአንድ ዕለት ያንሳል፤ አንድ ዕለት የሚሞላው በ600 ሲባዛ ነው፤ ስለዚህም በየ600 ዓመቱ ጳጉሜን 7 ትሆናለች ይላሉ። ልጆቹ «ክፍልፋይ በስንት ሲባዛ ነው ሙሉ የሚሆነው?» የሚለውን ጥያቄ ከዚያ ቀን በኋላ ራሳቸው ያነሡታል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች፣ ክፍልፋይን በሙሉ ቁጥር ማባዛት በሚጀመርበት ምዕራፍ፣ የስሌቱ ደንብ ከመሰጠቱ በፊት፣ ልጁ «ይበልጣል፣ ያንሳል፣ እኩል ነው» እያለ ብቻ የሚመልስባቸውን ጥቂት ገጾች ያስገቡልን፤ በሚዛን፣ በጥማድ፣ በእንጀራ የተሠሩ ይሁኑ። ልጆቹ በላይኛው ክፍል ሒሳብን በእንግሊዝኛ መማር ሲጀምሩ ይህ ማስተዋል በአማርኛ ገብቷቸው መቆየት አለበት፤ በዚያን ጊዜ ቋንቋውንና ሐሳቡን በአንድ ላይ መሸከም ይከብዳቸዋል። የክልላዊ ፈተና አውጪዎችም 365 × 124/125 ከ365 ያንሳል ወይስ ይበልጣል የሚል፣ ለማስላት የሚያታክት፣ ለማስተዋል ግን አንድ እስትንፋስ የማይፈጅ ጥያቄ ቢያስገቡ፣ መምህሩ ሁሉ ሳይወድ በግዱ ያስተምረዋል። የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ባልደረቦቼ «ማባዛት ያበዛል» የሚለውን ንግግር እንዲተዉልኝ እለምናለሁ፤ «ከ1 በሚበልጥ ሙሉ ቁጥር እስካባዛን ድረስ» የሚል አንድ ሐረግ ቢጨምሩበት እንኳ እኔ በ5ኛ ክፍል የማፈርሰው ግንብ ያን ያህል አይጠነክርም።

ወላጆችም ልጃቸውን ሱቅ ሲልኩ፣ ገንዘቡን ከመስጠታቸው በፊት፣ ሦስት ሩብ ኪሎ ስኳር ከአንድ ኪሎው ዋጋ በላይ ያስከፍል ወይም በታች እንደሆነ ይጠይቁት፤ ከመለሰላቸውም ያ ማባዛት መሆኑን ይንገሩት። በክፍሌ ያለችው ልጅ ባለፈው ሳምንት 36 × 10/9ን በሰሌዳ ላይ አይታ፣ ጠመኔውን ሳታነሣ፣ «ቲቸር፣ ይኼ ኪሎ ከምናምን ነው፤ ከ36 ያልፋል» ብላለች።

ከአክብሮት ጋር
የ5ኛና የ6ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር
ከደብረ ብርሃን